የኦቦ ቶሎሳ ባሕር ዛፍና የወረደው ሥልጣን

ላይ ያለ ሰው ሥልጣን ወደ ታች ሲያወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያወርደው የከበደውን ብቻ ነው፤ ቀላሉና ጣፋጩ እዚያው ይቀራል። ይህን የምለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስተዳደር ስለተማርኩ አይደለም። ትምህርቱማ ምን ፈየደልኝ? ሊሰጠኝ የነበረውን የኃላፊነት ወንበር ስብሰባ ላይ ከማጨብጨብ ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ወሰደብኝ። ግን ተዉት፣ ረስቼዋለሁ። በየቀኑ እረሳዋለሁ።

ቡራዩ ካለው ቤቴ ጀርባ የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ ባሕር ዛፍ አለ። ክረምት ላይ ነፋስ ገፍቶት፣ ባለቤቴ አልማዝ ከልጆቹ ጋር በምትተኛበት ክፍል ላይ ዘመመ። ይቁረጡልን ብላቸው፣ «ትንሽ ይወፍር እንጂ፤ የልጄ ቤት ምሰሶ እኮ ነው» አሉኝ።

ወደ ከተማው ቢሮ ሄድኩ። ዛፍ የማስቆረጥ ሥልጣኑ ወደ ታች ወርዷል አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ይውረድ እያልኩ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኛ! ወረዳው ዘንድ ስደርስ፣ እኛም አውርደነዋል አሉኝ። አቤት ፍጥነት! እኔ ታክሲ እስክይዝ ይቀድመኛል። በመጨረሻ የሰፈራችን ኮሚቴ ዘንድ ማረፉን ሰማሁ። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኦቦ ቶሎሳ።

ሰውየው ግን ጨዋ ናቸው። ጎረቤት በተሰበሰበበት ተነሥተው፣ በራስ ዛፍ ላይ መፍረድ ነውር ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «የተማርከው አንተ ነህ፤ አንተው ፍረድ። ይቆረጥ ካልክ ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ» አሉኝ።

በእኛ አገር «አንተው ፍረድ» የተባለ ሰው እጅ ከወርች ታሰረ ማለት ነው። ከሳሽ ሆኖ ለራሱ ቢፈርድ ሰፈሩ ምን ይለዋል? ሽማግሌው ይህን አያውቁም እንዳትሉኝ! ጉሮሮዬን ጠራረግኩና «እናየዋለን» አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ጣመኝ። በማግሥቱ ኦቦ ቶሎሳ ከሩቅ ቆመው በአክብሮት «አካም ቡልተን!» ብለው በአንቱታ እንዴት አደሩ አሉኝ። ከቤታቸው እርጎ ተላከልኝ። ሌላ ጎረቤት ስለ አጥሩ ሊያማክረኝ መጣ። እንዲህ ያለውን ሥልጣን በአንድ መጋዝ የሚጨርስ ሞኝ ማን ነው?

አልማዝ መቼ ነው የሚቆረጠው ስትለኝ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው አልኳት። ደግማ ስትጠይቀኝ፣ የሁለቱንም ወገን ጥቅም ማመዛዘን ያስፈልጋል አልኳት።

«ከዛፉ ሥር የሚተኛው የትኛው ወገን ነው?» አለችኝ።

ይህ ከአጀንዳ ውጭ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የመጋዝ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ፣ አልማዝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መጋዙን በአንድ በኩል ይዛለች፤ በሌላው በኩል ኦቦ ቶሎሳ! ጎረቤቶቹ ግንዱን በገመድ አሥረው ወደ ሽማግሌው ጓሮ ይስባሉ።

«ያለ እኔ ውሳኔ?» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ላባቸውን ጠረጉ። «‹አባባ፣ ልጆቼን ፈራሁላቸው› አለችኝ። ለዚህ ደግሞ ምን ፍርድ ይፈልጋል?»

አልማዝ ቀና እንኳ አላለችም። «ውሳኔህን ዛፉ ሲወድቅ ታሰማናለህ፤ አሁን ገመዱን ያዝ!»

ያዝኩ። ሥልጣን ወደ ታች መውረዱን ዛሬም እደግፋለሁ። ከእኔ በታች ግን መውረድ አልነበረበትም።