የዘይነባ ማሽላ እና የኡመር ላጲስ

ባለትዳር ወንድን ከሚይዙት በሽታዎች ሁሉ መድኃኒት ያልተገኘለት «ቆይ፣ እኔ ልየው» የሚባለው ነው። ቧንቧው ይንጠባጠባል፤ ቆይ፣ እኔ ልየው። የበሩ ቁልፍ አልዞር ይላል፤ ቆይ፣ እኔ ልየው። ባልየው ካየው በኋላ የሚንጠባጠበው ይፈስሳል፤ አልዞር ያለው ቁልፍ ከነአካቴው ይሰበራል። ሚስት ምን ታድርግ? ባለሙያ ልጥራ ብትል የአባወራው ክብር ይነካል፤ ዝም ብትል ቤቱ ይፈርሳል። እናንተ ከዚህ በሽታ ነፃ ነን ካላችሁ አልከራከራችሁም። ሚስቶቻችሁን ግን ብጠይቅ ደስ ይለኛል።

እኔ ላይ የጠናው ከሚሴ ሳለሁ ነው። መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ ዘይነባም መምህርት ናት። በየክረምቱ ደሴ እየተመላለሰች ዲግሪዋን ስትማር ቆይታ የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ቀርቷት ነበር። ርዕሷ ማሽላ ነው። የጨፋ ገበሬ ማሽላን በስንት ስም እንደሚጠራው፣ የትኛው ለእንጀራ፣ የትኛው ለእሸት፣ የየትኛው አገዳ ለከብት እንደሚመረጥ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ጨፋ ውስጥ ካረሱት ከአባቷ ከአባ ሙሄ እየጠየቀች ስትጽፍ ከረመች። የምትጽፈው ወንድሟ ከአዲስ አበባ ባመጣልን አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ሳሎናችን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ጽሑፉም ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው።

ፍላሽ የላችሁም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረን። መንዙማ እንዲገለብጥልኝ ለባጃጅ ነጂው ጎረቤታችን የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ቦታ ካነሰህ ውስጡ ያለውን አጥፋው» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ጽሑፉ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ሳሎኑን አሳምራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ፣ ኮምፒዩተሩን ወደ ጓዳው በር። ተሸክሜው ሳልፍ የበሩን መቃን ትንሽ ነካ አደረገ። ትንሽ ነው፣ ወላሂ። ዘይነባ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ስታበራው ማራገቢያው ዞረ፤ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ፊቱ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ጮኸ፦ ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ።

«ምን ሆነ?» አለች።

«ቆይ፣ እኔ ልየው።»

አየሁት። ነቀልኩት፣ ሰካሁት፣ ጎኑን መታ መታ አደረግኩት። ጢጥ። ከጎረቤት አንዱ «ሙቀት ነው» ብሎ መስኮት ከፈተልን። ሌላው «ብርድ ነው» ብሎ ዘጋው። እትዬ ከድጃ «ዓይን ነው፤ ዳንቴሉ እኮ በዛበት» አሉና ቁርኣን ቀሩበት። ከተማው ውስጥ ኮምፒዩተር ያውቃል የሚባለው ሰው ደግሞ ለሠርግ ባቲ ወርዷል። የሠርግ ነገር ታውቃላችሁ፤ መሄጃው እንጂ መመለሻው አይታወቅም።

ዘይነባ አልተቆጣችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። ሳህን የምታስቀምጠው በቀስታ ነው፤ በር የምትዘጋው በቀስታ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ብትጮህ ምንኛ እፎይ ባልኩ!

በሁለተኛው ቀን እኔን ሳታማክር ራዲዮ ሠሪውን ኡመርን ጠራችው። ኡመር የከሚሴን ራዲዮና ቴፕ ሁሉ ሆዱን ከፍቶ ያየ ሰው ነው፤ የኮምፒዩተር ሆድ ግን አይቶ አያውቅም። «ይሄስ ቢሆን ራዲዮ አይደል?» አለ መፍቻውን እያወጣ። «ፊት ስላለው ነው የምትፈሩት።»

ገና ብሎኑን ሲፈታ አባ ሙሄ ከገበያ መልስ ደረሱ።

«አከም ጅርቱ? ነገያ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉን ከበሩ ላይ። ወዲያው የልጃቸው ዓይን ማበጡን አዩ። «ምን ሆንሽብኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ማሽላው ጠፋ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ከጎተራ?»

«ከኮምፒዩተሩ።»

«አልሃምዱሊላህ!» አሉና ተቀመጡ። «እኔ ደግሞ የምር ጠፍቶ መስሎኝ!»

ይሄኔ ዘይነባ ሁለት ቀን የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። የስንት ክረምት ልፋቷ እንደሆነ፣ ቀኑ ካለፈ ከጓደኞቿ ጋር እንደማትመረቅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። አባ ሙሄ እስክትጨርስ ሰሟት።

«አብሽሪ» አሏት። «ስሙን የነገርኩሽ እኔ አይደለሁም? ደብተር አምጪና አጠገቤ ቁጭ በይ።»

እሷ ምንጣፉ ላይ ከአባቷ ጉልበት አጠገብ ደብተሯን ዘረጋች። እኔና ኡመር ወዲያ ማዶ የኮምፒዩተሩን ጎን ከፈትን። ኡመር አቧራውን ሲያይ «ይሄ ሁሉ የጨፋ አፈር! ልትዘሩበት ነው?» አለ። በብሩሽ ጠረገው። ከዚያ አንዲት ጣት የምታህል ሰሌዳ በአውራ ጣቱ ነካ ቢያደርጋት ተነቃነቀች።

«ወድቆ ነበር እንዴ?»

የአባ ሙሄ ቃል ተቋረጠ፤ የዘይነባ እስክሪቢቶ ቆመ።

«መቃኑን... ነካ አድርጎ ነበር» አልኩ። «ስሸከመው።»

ዘይነባ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሁለት ቀን የፈራሁት ነገር በሳቅ አለቀ።

ኡመር ሰሌዳዋን ነቅሎ ወደ ብርሃን አቀረባት። ወርቃማ ጥርሶቿ ጠቁረዋል። «ላጲስ አላችሁ?» አለ።

«ላጲስ!» ዘይነባ ከምንጣፉ ተነሣች። «ሊያጠፋብኝ ነው!»

«ጽሑፍሽ እዚህ አይደለም፤ እዚያኛው ብረት ውስጥ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አላት ኡመር። «ይቺን የራዲዮ እግር እንደምጠርገው ልጥረጋት ብዬ ነው።»

የመምህር ቤት ላጲስ አያጣም። ጥርሶቿን አንድ በአንድ አሻቸውና ቀጭ እስክትል መልሶ ሰካት። «ቢስሚላህ» ብሎ ቁልፉን ተጫነ። አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ፊቱ በራ። ላጲስ ጽሑፍ ሲያድን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘይነባ ጽሑፏን ከፈተች። አንድም ፊደል አልጎደለም። እልል ብላ ስታበቃ ደብተሩን አምጥታ ከጽሑፉ ጋር ማስተያየት ያዘች፤ ቀስ በቀስም ፊቷ ተለወጠ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ስም አሥራ አራት ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ሃያ ሦስት።

«አባባ፣ እነዚህን ዘጠኙን ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ያኔ እኮ» አሉ አባ ሙሄ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር የምትጠይቂኝ። እሱን ኮምፒዩተር ስትቀጠቅጪ፣ አንዴ ይቆዩ አባባ፣ አንዴ ይቆዩ አባባ ትያለሽ። ሰውም እንዲህ ሲሆንበት ያሳጥራል።»

ዘጠኙን ጨምራ ጻፈች፤ በቀኑም አስገባች፤ ከጓደኞቿም ጋር ተመረቀች። እሺ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አባ ሙሄ ግን ጽሑፉ ተነብቦላቸው ካዳመጡ በኋላ «ስሙስ ሁሉም አለ» አሉ። «ማር ጩቄን፣ ያን ወፍ የማይምረውን ጣፋጭ እሸት ግን ከዘራሁት ስንት ዘመኔ! ዘሩ ከእጄ ወጥቷል።» ነገሩ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ ባቲ ገበያ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ከአንዲት ሴት አንድ እፍኝ ዘር አገኙ። በዓመቱ ከወተት በጉንጬውና ከዘንጋዳው ማሽላ መሀል አንድ መስመር ማር ጩቄ ዘሩ።

እሸቱ ሲደርስ ዘይነባ ካሜራ ይዛ፣ እኔ ባዶ እጄን ሄድን። ወፍ ቀድሞናል። ዘንጋዳው እንዳለ ቆሟል፤ ማር ጩቄው ብቻ ለዘር የሚበቃ ሦስት ራስ ሲቀር ባዶ ሆኗል። ዘይነባ አፏን ይዛ ቀረች። አባ ሙሄ ግን ወንጭፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በኩራት ተመለከቱት።

«ትክክለኛው ዘር ነው» አሉ። «ሴትዮዋ አልዋሸችኝም።»