በአንድ ሰዓት የሚያስተኙት ጎረቤቴ

ልጆቹን በጊዜ የሚያስተኛ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የራሱን አስተኝቶ ቢተወን ምን ነበረበት? የእኛንም ልጆች ካላስተኛ እንቅልፍ አይወስደውም። የቡታጅራው ጎረቤቴ ጋሽ ከድር እንዲህ ናቸው።

የመብራት ፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ ጨለማው የእኛ ሰፈር ተራ በሆነበት አንድ ምሽት፣ ሙያውን ልማር ቤታቸው ሄድኩ። ሦስቱን ልጆች እግር አሳጥበው፣ ቢስሚላህ አስብለው፣ ልክ በአንድ ሰዓት ብርድ ልብስ አለበሷቸው። ቤቱ ጭጭ አለ።

«አየህ፣ ልጅ ሥርዓት ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። እንዴት እንደቀናሁ።

ወዲያው መብራቱ ቦግ አለ። «መጣ!» ብሎ የጮኸው ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ጋሽ ከድር። ሦስቱም ልጆች ከብርድ ልብሱ ዘለው ወጥተው ቴሌቪዥኑ ፊት ተደረደሩ። ለካ አንዱም አልተኛም።

እፎይ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ልጆቼ አልጋው ላይ ይዘላሉ። አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኞች ናቸው።