የውሰት ጉልበት

ልብስ ሰፊው፦ አትንቀሳቀስ አልኩህ። ጠባሳህን እየገለበጥኩ ነው።

ሹፌሩ፦ ወንድም ጋሼ፣ የኔ ጠባሳ እኮ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። እታች ሲደርስ ይጠማዘዛል።

ልብስ ሰፊው፦ አይቼዋለሁ። የሰፋህ ሐኪም ቸኩሎ ነው። የሱን ጥፋት እኔ አልደግምም።

ሹፌሩ፦ የስፌቱ ነጥቦችም ዘጠኝ ናቸው። እርስዎ አሥራ ሁለት አደረጉት።

ልብስ ሰፊው፦ ዘጠኝ አይይዝም። ለዚህ ርዝመት ደንቡ አሥራ ሁለት ነው።

[ልብስ ሰፊው በሱቁ ጓዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሱሪውን ቀኝ እግር እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ በገዛ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ በሚያመለክትበት ቀይ ጠመኔ ጠባሳ ይሥላል። ፊት ለፊቱ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው የእህቱ ባል ነው። ሹፌሩ ከአራት ወር በፊት ከአውቶቡሱ ደረጃ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ተሰብሮ፣ ተቀዶ ተሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የአንድ ቀን መንገድ ከሚርቀው ቤቷ ሆና፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በስልክ በምስል እያየች ታሠራዋለች። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው። "መንዳት ይችላል" የሚል ወረቀት ዛሬ ካልጻፈችለት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳውን አውቶቡስ ነገ ጠዋት ለሌላ ሰው እንደሚያስረክቡት የስምሪት ኃላፊው ነግሮታል።]

ሹፌሩ፦ ወንድም ጋሼ፣ ትናንት ከሰዓት እኮ እኔ...

ልብስ ሰፊው፦ ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው። ፈተናው ምን ነበር ያልከኝ?

ሹፌሩ፦ ሁለት ነው። መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ወደ ኋላ መሳብ፣ እቤት እንዳለው ለክቼ እዚህ ወለሉ ላይ ከለጠፍኩት ፕላስተር ማሳለፍ። ከዚያ እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ማለት።

ልብስ ሰፊው፦ ባለፈው ማክሰኞ ከፕላስተሩ ለመድረስ ስንት ቀረህ?

ሹፌሩ፦ ሦስት ጣት። ግን ትናንት...

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት ጣት በሳምንት አይሞላም። ሱሪ ቢሆን ከጠርዙ እለቅልህ ነበር። ጉልበት ግን ትርፍ ጨርቅ የለውም። ስለዚህ እግሩን እኔ አዋጣለሁ፣ ድምፁን አንተ ታዋጣለህ። ስልኩ መሬት ላይ ካውያውን ተደግፎ ይቆማል፤ የሚያየው ከወገብ በታች ነው። አንተ ከወንበሩ ኋላ ቁጭ ብለህ ስትጠየቅ ትመልሳለህ። አለቀ።

ሹፌሩ፦ ወረቀቱን ካገኘሁ በኋላስ?

ልብስ ሰፊው፦ ትነዳለሃ።

ሹፌሩ፦ እኔ?

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ እኔ ልንዳልህ? መንጃ ፈቃድ አለኝ?

ሹፌሩ፦ አይ፣ ፍሬኑን ማለቴ ነው። ፈተናውን የሚያልፈው የእርስዎ ጉልበት ነው። ስልሳ ሰው ይዤ የመስመሬን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑን ማን ይረግጣል? እርስዎ ከመሪው ሥር ይቀመጣሉ?

ልብስ ሰፊው፦ ቀስ ብለህ ትነዳለህ።

ሹፌሩ፦ ቁልቁለቱ ቀስ በል ቢሉት አይሰማም።

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ሰውዬ፣ እህቴ ምን አይታ እንዳገባችህ ዛሬም አልገባኝም። ቀላሉን ነገር ሁሉ ታከብደዋለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ያቺ ልጅ አንድ ቀን ጉልበትህን ዳብሳው ታውቃለች? በመስታወት አሻግሮ የሚያይ ሰው ምን ያውቃል? እኔ ሰው በበሩ ሲገባ ወገቡን በዓይኔ የምለካው፣ ፊት ለፊቴ ስለቆመ ነው።

ሹፌሩ፦ እሷም ቀላል አይደለችም። አንድ ቀን ስፖርቱን ሠርቻለሁ ብዬ ስዋሻት፣ "የሚለጠጠው ጎማ ከነእጥፋቱ ነው፤ ዛሬ አልነኩትም" አለችኝ። ከኋላዬ አልጋው ላይ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ግምት ነው። ገምታ ነው።

[ስልኩ ይጮኻል። ሹፌሩ ቀይ ምልክቱን ሊነካ ሲል ልብስ ሰፊው እጁን መትቶ አረንጓዴውን ይነካለታል። ሹፌሩ ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የወንበሩ መደገፊያና የልብስ ሰፊው ማጅራት ብቻ ነው።]

ባለሙያዋ፦ [ከስልኩ] ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሹፌር፣ እንዴት አደሩ?

ሹፌሩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።

ባለሙያዋ፦ ዛሬ ድምፅዎ ራቀብኝ።

ሹፌሩ፦ እኔም ራቅ ብያለሁ።

[ልብስ ሰፊው ወደ ኋላ በክርኑ ይጎሽመዋል።]

ሹፌሩ፦ ስልኩን አርቄው ነው ማለቴ ነው።

ባለሙያዋ፦ ፊትዎንስ አያሳዩኝም?

ሹፌሩ፦ ፊት ዛሬ አይመረመርም ተብሎ ነው።

ባለሙያዋ፦ ማን አለ?

ሹፌሩ፦ ራሴ።

ባለሙያዋ፦ ይሁን። ቀኝ እግርዎን ይዘርጉ። ጎበዝ። አሁን ወደ ኋላ ይሳቡት።

[የልብስ ሰፊው ጉልበት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ይላል።]

ባለሙያዋ፦ ምንድን ነው የተሰበረው?

ሹፌሩ፦ በር ነው።

ባለሙያዋ፦ እንደገና ይዘርጉ። ይሳቡ።

[ቀጭ።]

ሹፌሩ፦ በሩን ደገሙት።

ባለሙያዋ፦ በሩ የሚከፈተው እግርዎ ሲታጠፍ ነው?

ሹፌሩ፦ ዛሬ እንደዚያ ሆኗል።

ባለሙያዋ፦ ያምዎታል እንዴ? የእግርዎ ጣቶች ተጨማደዱ።

ሹፌሩ፦ [ወደ ማጅራቱ ጠጋ ብሎ] ያማል?

ልብስ ሰፊው፦ [በሹክሹክታ] አያምም በላት።

ሹፌሩ፦ አያምም ብሏል።

ባለሙያዋ፦ ማን ነው ያለው?

ሹፌሩ፦ ጉልበቱ።

ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ጉልበቱ ካለ። ወደ ፕላስተሩ ይሂዱ። ይሳቡ... ይሳቡ... ቆመ። ጋሽ ሹፌር፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ጣት ነበር የቀረው። ዛሬ አምስት ሆነ።

[ልብስ ሰፊው ላብ በላብ ሆኗል። "ግፋው" ይላል በጥርሱ መሐል። ሹፌሩ በወንበሩ እግሮች መካከል እጁን አሾልኮ የልብስ ሰፊውን ቁርጭምጭሚት ይጎትታል።]

ባለሙያዋ፦ ሁለቱ እጆችዎ ጭንዎ ላይ ናቸው።

ሹፌሩ፦ አዎ።

ባለሙያዋ፦ እግርዎን የሚጎትተው ሦስተኛው እጅ የማን ነው?

ሹፌሩ፦ [እጁን መልሶ፣ አገላብጦ አይቶ] ቀኙ ነው።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው ብድግ ቁጩን እንየው። እጅ ሳይደገፉ። አንድ። ሁለት። ሦስት...

ልብስ ሰፊው፦ [ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ፣ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ] ወይኔ ጉልበቴ።

ባለሙያዋ፦ ድምፅዎ ቀረበ። ጎርነንም ብሏል።

[ሹፌሩ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አውቶቡሱን ያስባል፤ መሪው ላይ የጠቀለልኩትን ጨርቅ ማን ይፈታው ይሆን ይላል በልቡ። ባለሙያዋ እንደገና ስትናገር ድምፅዋ ረጋ፣ ለስለስ ብሏል።]

ባለሙያዋ፦ እስቲ ስልኩን ወደ ጠባሳው ያስጠጉልኝ። ትንሽ ይጨምሩ። ይገርማል። እኔ ይህን የመሰለ ስፌት አይቼ አላውቅም። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ነጥቡ እኩል። እንዲህ የሚሰፋ እጅ ዛሬ የለም። የማን እጅ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ የኔ ነው።

[ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ልብስ ሰፊው አፉን በእጁ የያዘው። እጁ ላይ ቀይ ጠመኔ ነበርና ከንፈሩ ቀላ።]

ባለሙያዋ፦ ሁለታችሁም ፊታችሁን አሳዩኝ።

[ሁለት ፊት በአንድ ስልክ ፊት ይደረደራል፤ አንዱ የቀላ፣ አንዱ የገረጣ።]

ባለሙያዋ፦ ስሙኝ። እኔ እዚህ ምግብ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ በቀን አሥር ሰው አያለሁ። የአንዱንም ጉልበት መዳበስ አልችልም። በእጄ ያለው በሽተኛዬ "አመመኝ" ሲለኝ ማመን ነው፤ እሱንም ዛሬ ቀማችሁኝ። ይህን እግር አይቼ ብፈርም ኖሮ፣ ነገ ስልሳ ሰው ቁልቁለቱን የሚወርደው በኔ ፊርማ ነበር። ወረቀት ፍሬን ይረግጣል?

ሹፌሩ፦ እኔም እሱን ጠይቄ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር።

ባለሙያዋ፦ ዶክተር አይደለሁም።

ልብስ ሰፊው፦ ይሁን። ይህ ምስኪን ሦስት ጣት ቀርቶት እንጀራውን ሊያጣ ሲል አንጀቴ አልችል ብሎ...

ሹፌሩ፦ ትናንት...

ልብስ ሰፊው፦ አንተ ቆይ።

ባለሙያዋ፦ እርስዎ ይቆዩ። ጋሽ ሹፌር፣ ትናንት ምን ሆነ?

ሹፌሩ፦ ትናንት ከሰዓት አለፈ።

ባለሙያዋ፦ ምኑ?

ሹፌሩ፦ ተረከዜ። እቤት ካለው ፕላስተር ሁለት ጣት አለፈ። ባለቤቴ ለካችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልናገር ስል ወንድም ጋሼ እየቆጠሩ ነበር።

[ልብስ ሰፊው ከወንበሩ እያነከሰ ይነሣለታል። ሹፌሩ ይቀመጣል። ሱሪውን ሲሰበስብ ዘጠኝ ነጥብ ያለው፣ እታች የተጠማዘዘው ጠባሳ ይወጣል። ተረከዙ ወለሉን እየጠረገ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፕላስተሩ ላይ ይደርሳል፣ ያልፈዋል። ከዚያ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ባለሙያዋ ትቆጥራለች። አሥረኛው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ መቀመጥ ረሳ።]

ባለሙያዋ፦ ይቀመጡ፣ ጋሽ ሹፌር። ያማል?

ሹፌሩ፦ ሲነሡ ትንሽ ይቆረጥማል።

ባለሙያዋ፦ ይህን ነው ከሁለታችሁ መስማት የፈለግሁት። እግርዎን ወደ ፊት ይዘርጉና ፍሬን በሙሉ ኃይሉ እንደሚረግጥ ሰው ግድግዳውን ይግፉ። እንዲያ። ይህ ፍሬን ይረግጣል። ወረቀቱን አሁኑኑ ለስምሪት ኃላፊው እልካለሁ። እርስዎ ደግሞ እንዳይሄዱ፤ ከኋላችሁ የስፌት መኪና ይታየኛል። ፔዳሉን ስንት ዓመት ረገጡ?

ልብስ ሰፊው፦ ሠላሳ ሁለት።

ባለሙያዋ፦ በቀኝ እግር?

ልብስ ሰፊው፦ በቀኝ።

ባለሙያዋ፦ ደረጃ ሲወጡስ?

ልብስ ሰፊው፦ ደረጃ አልወድም።

ባለሙያዋ፦ እሱማ አይወዱም። በዚህ ሳምንት ካየኋቸው ጉልበቶች ሁሉ የባሰው የእርስዎ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፔዳል መርገጥ የለም። ማክሰኞ አራት ሰዓት እዚያው ወንበር ላይ እንገናኛለን። ተረከዝዎ ፕላስተሩን ያለፈ ቀን ወደ ስፌትዎ ይመለሳሉ።

[ስልኩ ይዘጋል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አሻግሮ ያያል፤ ከመርፌው ሥር ግማሽ የተሰፋ ኮት ተንጠልጥሏል። ጠመኔውን በምራቁ ከጉልበቱ ላይ ይጠርጋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ይላል።]

ልብስ ሰፊው፦ ስማኝ እስቲ፣ ወንድም ዓለም። ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው ሥራ የምትገባው?

ሹፌሩ፦ ከሰዓት ነኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ጠዋት ነፃ ነሃ።

ሹፌሩ፦ ነፃ ነኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ያንተ ጉልበት ደግሞ አሁን ሁለት ጣት ተርፎታል። እኔ ከወንበሩ ኋላ ቁጭ እልና ድምፁን...

ሹፌሩ፦ አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ።

ልብስ ሰፊው፦ ምን ከበደህ?

ሹፌሩ፦ የኔ ጠባሳ ጠማማ ነው። ልጅቱ የእርስዎን ስፌት አንዴ አይታዋለች፤ ይህን ጠማማ የኔ እጅ ሰፋው ቢሏት አታምንዎትም። [የሚለጠጠውን ጎማ ከኪሱ አውጥቶ ያቀብለዋል።] ይልቅ ይህን ይያዙ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር። ሠርቻለሁ ብለው እንዳይዋሿት ደግሞ፣ እጥፋቱ ይታያል።