የማይነሱበት ወንበር

መቀመጥን የመሰለ ቀላል ነገር የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ለአንድ ሳምንት እኔ ቦታ ላስቀምጠው። ወንበር ሠሪ ነኝ። በእርግጥ የሥራ መጠሪያዬ ከዚህ ረዘም ይላል፤ ደመወዝ የሚከፍለኝ የወልድያው ማሠልጠኛ "የአሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ሰሌዳና መቀመጫ ዲዛይን መምህር" ይለኛል። መርሳ ያሉ ጎረቤቶቼ ግን ይህን ሁሉ ተሸክመው መዞር ስላልፈለጉ "ወንበር ሠሪው መምህር" ብለው ተገላገሉት። እውነታቸውን ነው። ሰው እንዴት ቢቀመጥ ወገቡን እንደማያመው፣ እጁ ሳይንጠራራ የቱ ቁልፍ ላይ መድረስ እንዳለበት፣ እግሩ የት ቢያርፍ እንደማይደነዝዝ ሳሰላ ዕድሜዬ አለቀ። ወገቤም አብሮ አለቀ። አዎ፣ ወገቤን ያመኛል። ከመሳቃችሁ በፊት፣ የተቀደደ ሱሪ የለበሰ ልብስ ሰፊ አይታችሁ እንደማታውቁ ማሉልኝ።

ስለ መቀመጥ የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ሁሉም ስለ ወገብ፣ ስለ ጉልበትና ስለ አንገት ነው የሚያወሩት። በእኛ አገር ግን መቀመጥ የወገብ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የዓይንም ሥራ ነው። መቀመጫችን ወንበር ላይ፣ ዓይናችን በር ላይ ነው። ትልቅ ሰው ብቅ ካለ ጉልበት ራሱ ያውቅበታል። "ኖር!" ብለን ብድግ እንላለን፤ የገባውም ሰው "በእግዜር!" እያለ ይለምነናል፤ እኛም ሙሉ በሙሉ ተነስተን ካበቃን በኋላ ያልተነሳን መስለን እንቀመጣለን። ይህ ልማድ ሰው ያስከብራል እንጂ ማንንም ጎድቶ አያውቅም ነበር። ባቡር እስኪመጣ ድረስ።

ባቡር ስላችሁ ወልድያ ባቡር ገባ ብላችሁ እንዳትጨፍሩ። የመጣው አስመሳዩ ነው፤ ሲሙሌተር ይሉታል። ከፊት ሰፊ ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ የአዲስ አበባ መንገድ ይመጣል፤ እግረኛው ይሻገራል፣ መብራቱ ይቀያየራል። ሠልጣኙ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የከተማውን ቀላል ባቡር የነዳ ይመስለዋል፤ ባቡሩ ግን ከወልድያ ስንዝር አይንቀሳቀስም። ስክሪኑና ኮምፒውተሩ ተገዝቶ መጣ። ወንበሩና ሰሌዳው ግን በአገር ልጅ ልክ ይሠራ ተባለና ለእኔ ተሰጠ፤ ባሕር ማዶ የተሠራው ወንበር ላይ የእኛ ልጆች ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም ነበርና። እኔም ሜትር ይዤ ክንድ፣ ጭን፣ ቁመት ስለካ ከረምኩ። ግቢያችንን የሚጠብቁት አዛውንት ቁመታቸውን ልለካ ብጠጋ፣ "ምነው መምህር፣ ለሬሳ ሳጥን ነው እንዴ? ገና ነኝ እኮ!" ብለው አባረሩኝ።

ታዲያ በዚህ ባቡር ውስጥ አንድ ፔዳል አለች። ከሾፌሩ እግር ሥር ናት። ሾፌሩ እየነዳ ሳለ ሁልጊዜ እሷን ረግጦ መቆየት አለበት። እግሩን ካነሳ ባቡሩ "ሰውዬው ወይ ተኝቷል ወይ ሞቷል" ብሎ ያስብና በራሱ ፍሬን ይይዛል። ብልህ ነገር ናት። የፈለሰፋት ሰው ግን ለሾፌር ያሰበው ሁለት ጠላት ብቻ ነው፤ እንቅልፍና ሞት። ይሉኝታ የሚባለውን ሦስተኛውን አያውቀውም።

ከሠልጣኞቹ ሁሉ የምትበልጠው ዘሀራ ነበረች። የመርሳ ልጅ ናት፤ የጎረቤቴ የሼህ እንድሪስ ልጅ። ወልድያ ላይ ባጃጅ ትነዳ ነበር፤ ያንን አህያ፣ ጋሪ፣ አይሱዙና የገበያ ሰው የተደባለቀበትን መንገድ እንዴት እንደምታልፈው ያየ ሰው ባቡር አይከብዳትም ይላል። አልከበዳትምም። ፍጥነቱን ትመጥናለች፣ መብራት አትጥስም፣ ደወል አታበዛም። አባቷ መጀመሪያ ላይ ፈርተው ነበር፤ "ይሄ ባቡር ያላችሁት ልጄን ይዟት ይገለበጥ ይሆን?" ሲሉኝ፣ "ሼህ፣ አይስጉ፤ የውሸት ባቡር ነው" ብዬ ያረጋጋኋቸው እኔ ነኝ። ዘሀራ አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ጥሩ ቤት ነው ያደገችው።

በሩ ተከፍቶ ሽበት ብቅ ካለ ብድግ ትላለች። ፔዳሏ ትለቀቃለች። ባቡሩ ሲጢጥ ብሎ ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይም "አሽከርካሪዋ ወድቃለች" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። አንዴ የሒሳብ ሹሙ ሊጎበኙን ገቡ፤ ወደቀች። ሌላ ጊዜ ጥበቃው መስኮት ሊዘጉ ገቡ፤ ወደቀች። ሌሎቹም ሠልጣኞች በልምምድ ያው ነበሩ፤ በፈተና ግን እንደምንም ራሳቸውን ይይዛሉ። እሷ ግን በልምምድ ብቻ ሳይሆን በፈተናም እንዲሁ ሆነችና የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ሆነ። ባጃጇን ለወንድሟ አስረክባለች። ከዚህ ከወደቀች ባጃጁም የለ፣ ባቡሩም የለ።

"ለምንድነው የምትነሺው?" ብዬ ጮኽኩባት አንድ ቀን።

"ኧረ መምህር፣ እኔ መቼ ተነሳሁ? እግሬ ነው የሚነሳው" አለችኝ፤ ከልቧ ነው ደግሞ።

እኔም ዲዛይነር አይደለሁ? ዲዛይን ጀመርኩ። የማያዩትን አያከብሩም ብዬ ወንበሩን አዙሬ ጀርባውን ለበሩ ሰጠሁት። የእኛ ሽማግሌ ግን በር ላይ ሳይስል አይገባም፤ ሠልጣኞቹ ለሳሉ ተነሱ። ቀበቶ ሠራሁ፤ ከነቀበቶው ተነስተው እመሃል ተንጠለጠሉ። መነሳት ቢያደክማቸው ይተዉታል ብዬ ወንበሩን ሰው የሚውጥ ስፖንጅ አለበስኩት፤ እያቃሰቱ ተነሱ። በሩ ላይ "ሥልጠና ላይ ነን፤ መግባት ክልክል ነው" ብዬ ለጠፍኩ። ሽማግሌዎቹ አንብበው ገቡ። "ለእኛ ነው እንዴ? እኔ ለባዳ መስሎኝ!" አሉኝ አንዱ፣ ቅር ብሏቸው።

ዲዛይኑ ሲያልቅብኝ በራሴ ገላ ገባሁበት። ሽበት እንደሆን አላነሰኝም። ከዘራ ተውሼ ቀኑን ሙሉ በዚያ በር እገባለሁ፣ እስላለሁ፣ "እንደምን ዋላችሁ" እላለሁ። የተነሳልኝን እቆጣለሁ። ያልተነሳልኝን "ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!" ብዬ አመሰግናለሁ። እስቲ አስቡት፤ ሃምሳውን ያለፈ ሰው፣ ሰው እንዳያከብረው ከጠዋት እስከ ማታ ሲለፋ! አንድ ቀን ደክሞኝ ቤቴ ስገባ ልጄ ብድግ ብላ ብትቀበለኝ "ወደቅሽ!" ብዬ ጮኽኩባት። እናቷ ግንባሬን ዳሰሰች።

ዘሀራም በመጨረሻ ለመደችልኝ። ብገባ፣ ብስል፣ ከዘራዬን መሬት ላይ ብደበድብ እግሯ ንቅንቅ አይልም። ደስ አለኝ። ልንገራችሁ እንጂ፣ ትንሽ ከፋኝም።

ፈታኙ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ኢንጂነር ሳምሶን የሚባል ሰው ነው። ቀጥ ያለ፣ ሕግ ሕግ የሚል። ገና ሳይመጣ ደውሎ፣ "መምህር፣ ከሾፌሯ ጎን ለሚቀመጠው ፈታኝም እንደሷው ያለ ፔዳል ይሥሩለት፤ ተቆጣጣሪም ያንቀላፋል። ከሁለቱ አንዱ ከለቀቀ ባቡሩ ይቁም" አለኝ። "ማን እንደለቀቀ በምን ይለያል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "መለየት አያስፈልግም፤ ኃላፊነቱ ምንጊዜም የሾፌሩ ነው" አለ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሁለቱን ፔዳል በአንድ ሽቦ አገናኘኋቸው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል። ይህችን ተረት ያዙልኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የሠልጣኞቹ ቤተሰቦች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሦስት የኮሚቴ አባላት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ኢንጂነሩ ከዘሀራ ጎን ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጧል፤ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ወገቤን ይዣለሁ። ዘሀራ ባቡሩን እንደ ውሃ እያፈሰሰችው ነው። አንድ ፌርማታ፣ ሌላ ፌርማታ። እኔ መተንፈስ ስጀምር ኢንጂነሩ ዞር አለና፣ "እዚህ በሽማግሌ የሚወድቁ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። በእርስዎ ደግሞ ለምደዋል። ዛሬ የእውነት ሽማግሌ ይግባ" አለ። ጥበቃውንም ከውጭ አንድ ትልቅ ሰው ይዘው እንዲመጡ ላካቸው። ጥበቃው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አያስቀድሙም። ዛፉ ሥር የተቀመጠውን ሁሉ አይተው በዕድሜ የሚበልጡትን ይዘው መጡ። ሼህ እንድሪስን!

በሩ ተከፈተ። ሳል ተሰማ። ያንን ሳል እኔ በአጥር ማዶ ነው የማውቀው፤ እሷ ግን ከመወለዷ ጀምሮ ታውቀዋለች። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ፤ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ለልጃቸው ቀን ብለው የክት ጋቢያቸውን ደርበው። ምን ዓይነት ፈተና ነው ይሄ? በል ያለው ጠላት እንኳን እንዲህ አይፈትንም! አግዳሚው ላይ የነበሩት "ኖር! ኖር!" እያሉ ብድግ ብድግ አሉ። የዘሀራ ትከሻ ተነቃነቀ። አንገቷ አቀረቀረ። እግሯ ግን ፔዳሉ ላይ ነው፤ ባለ በሌለ ኃይሏ ተጭናዋለች። "ወአለይኩሙ ሰላም፣ አባ" አለች ሳትዞር፣ በቀጭን ድምፅ። እንባዋ ሰሌዳዬ ላይ ጠብ ሲል አየሁት።

አለፈች! ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ባቡሩ ሲጢጥ አለ።

ቀይ መብራት። ቀይ ጽሑፍ። "አሽከርካሪዋ ወድቃለች።" የዘሀራን እግር አየሁ፤ ከፔዳሉ ጋር ተጣብቋል። ቀና ብዬ ኢንጂነሩን አየሁ። ቆሟል። ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ኖር፣ አባቴ!" ይላል። ለካ እሱም ጥሩ ቤት ነው ያደገው።

ኢንጂነሩ ቀዩን ጽሑፍ አየ፤ ቀጥሎ የገዛ ጫማውን አየ። ማሽኑን ካመነ ልጅቷ ወድቃለች፤ ጫማውን ካመነ የወደቀው እሱ ነው። ኃላፊነቱ ምንጊዜም የሾፌሩ ነው ያለው ደግሞ ራሱ ነው። ዘሀራ በማታውቀው ጥፋት ወድቃ፣ አሁንም ፔዳሏን እንደረገጠች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ትጠብቃለች። "በአላህ! ተቀመጡ ልጆቼ፣ ምን ሆናችሁ?" ይላሉ ሼህ እንድሪስ፤ ቀዩ መብራት ለእሳቸው ክብር የበራ ሳይመስላቸው አልቀረም። ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እግሩን መለሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አልፋለች" አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "መምህር፣ ይችን የእኔን ፔዳል ይንቀሉልኝ" አለኝ።

እዚህ ላይ ባበቃው እናንተም ስቃችሁ፣ እኔም ወገቤን ይዤ በሰላም በተለያየን ነበር። ዘሀራም ስትወጣ ሮጣ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እሳቸውም መረቋት። እሷ ወረቀቷን ለማስጨረስ ቀረች፤ እኔና ሼህ እንድሪስ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን ወደ መርሳ ተመለስን። ሲገቡ ሁለት ወጣቶች ተነስተው ቦታ ለቀቁልን። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ስናልፍ ሼህ ወደ እኔ ዞሩ።

"መምህር" አሉኝ።

"አቤት፣ ሼህ።"

"ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተነሳልኝ። የአዲስ አበባው ሰውዬ እንኳ ተነሳልኝ። አያውቁኝም እኮ!" ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። "የእኔዋ ልጅ ብቻ አልተነሳችም።"

እግሬን የሚኒባሱ ወለል ላይ ተክዬ አስረዳኋቸው። ፔዳሉን፣ ፍሬኑን፣ ከኋላዋ ተሳፍሮ የቆመውን ሕዝብ፤ እግሯን አንዴ ብታነሳ አሮጊቷ ወድቃ እንደምትሰበር፣ ሕፃኑ ከእናቱ እጅ እንደሚያመልጥ። ራሳቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ። "ገባኝ" አሉ። "ሰው ጭና ከሆነማ ልክ ናት። አላህ ይጠብቃት።" እፎይ አልኩ።

መርሳ ስንወርድ ክንዳቸውን ደገፍኩ። ከዘራቸውን አስተካክለው ቆሙና፣ "ባቡሩ ግን የውሸት ነው አላልከኝም ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ የውሸት ነው።"

"ከኋላዋ ያለው ሰውስ?"

"እሱም የውሸት ነው።"

"እኔ ግን የእውነት ነበርኩ" አሉና ማንጎ ሻጮቹን አልፈው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዘሀራ አሁን አዲስ አበባ ናት፤ የእውነቱን ባቡር፣ የእውነት ሰው ጭና ትነዳለች። የኢንጂነሩን ፔዳል በማግሥቱ ነቅዬለታለሁ። እኔ ከሥራ ስመለስ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሼህ እንድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ በዚያ ያልፋሉ። ገና ሳላቸውን ስሰማ ብድግ እላለሁ። "በአላህ፣ ተው ወገብህን!" ይሉኛል። እቀመጣለሁ። ከዚያ የዘሀራ ድርሻ ትዝ ይለኝና፣ እያቃሰትኩ እንደገና እነሳለሁ።