የጋሽ ሰይድ ሰዓት

ሰው ሁሉ አንጎሉ ውስጥ ሰዓት ይዞ ይወለዳል። ይህን የምለው የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። ብርሃን በዓይን ገብቶ ሰዓቱን ይሞላዋል፤ እሱም በተራው መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን ያዘናል። ችግሩ፣ ሰዓቱ ሲታደል ለሁሉም እኩል አልታደለም። የኔው ጠዋት ጠዋት ይቆማል። ይህንኑ ትምህርት ለማስተማር ስንት ቀን አርፍጃለሁ መሰላችሁ?

ግድግዳ የምንጋራው የጎረቤቴ የጋሽ ሰይድ ግን ጉድ ነው። ጦርነቱ ከተማችን መርሳ ደርሶ መብራትና ስልክ ሲጠፋ፣ የመስጊዱም ድምፅ ማጉያ ዝም ሲል፣ እሳቸው ያለ ቀስቃሽ ለሱብሂ ሶላት ይነሱ ነበር። ከሶላት በቀጥታ ማሽላቸውን በአህያ ጭነው ወፍጮ ቤት። በከተማው የቀረን አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነው፤ ናፍጣውም በቀን ለጥቂት ሰው ቢበቃ ነው። ማዳበሪያውን ቀድሞ ያሰለፈ ያስፈጫል፣ የዘገየ ልጆቹን ንፍሮ ያበላል። የኔዎቹ ንፍሮ አንገሽግሿቸው ማልቀስ ጀምረው ነበር።

ባለቤቴ የሺ ደግሞ ነጋ ጠባ ጋሽ ሰይድ እንዲህ፣ ጋሽ ሰይድ እንዲያ። እኒህ ሽማግሌ አስፈጭተው ሲመለሱ አንተ ገና ትራስ ታቅፈሃል ትለኛለች። ቀናሁ። ምን ይደበቃል? አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ። ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በበሬው ይቀናል፤ እኔ በሽማግሌ አነቃቅ ቀናሁ።

አንድ ቀን ቆረጥኩ። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ቁጭ ብዬ አደርኩና፣ ገና ወገግ ሲል ማዳበሪያዬን አንደኛ አሰለፍኩ። ጋሽ ሰይድ የሉም። አስፈጨሁ፤ አሁንም የሉም። ናፍጣው አልቆ ወፍጮው ዝም ካለ በኋላ፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው፣ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ምነው ጋሽ ሰይድ፣ ሰዓትዎ ዛሬ ምን ነካው አልኳቸው።

ሱብሂም አመለጠኝ አሉኝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ከዚያ ነገሩን አወጡት። ልጃቸው ወልድያ ሄዶ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፤ እንቅልፍ የሚባል የላቸውም። መስኮቱን ጥይት ፈርተው በአሸዋ ከረጢት ስለደፈኑት ሌሊቱና ንጋቱ አይለይም። ታዲያ በግድግዳው በኩል የኔን ማንኮራፋት ያዳምጣሉ። ሊነጋጋ ሲል እኔ በየቀኑ፣ ሳላዛንፍ፣ ገልበጥ እልና ዝም እላለሁ። ያን ጊዜ ተነስተው ለሶላት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ። የዚያን ሌሊት ግን ድምፄ ጭራሽ ስላልተሰማ፣ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሳያስቡት ሸለብ አደረጋቸው። እኔ እኮ ስቀናብህ ነው የከረምኩት አሉኝ፤ ያ ረቢ፣ የዚህን ሰው እንቅልፍ ግማሹን በሰጠኸኝ እያልኩ።

ደስታዬ እዚያው ወፍጮ ቤት ቀረ። ዱቄቱን ለሁለት ከፈልን።

የሺ ሁሉን ሰምታ ፈረደች። እኔ በጊዜ ተኝቼ እንዳንኮራፋ፣ ጋሽ ሰይድ የሁለታችንንም ማሽላ በአህያቸው ወስደው እንዲያስፈጩ። መንገዱ ተከፍቶ ልጃቸው በሰላም እስኪገባ እንዲሁ ሠራን፤ ልጆቼም እንጀራ በሉ። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ የጋሽ ሰይድ ሰዓት ዝንፍ አትልም እያለ ያደንቃቸዋል። ሰዓቱ እኔው ነኝ፤ ይህን በሰማሁ ቁጥር አሁንም እቀናለሁ።