የውድነሽ አንገትና የእኔ ዝምታ

ተዋናይ ከስክሪን የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የስልኩ ጥሪ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሚደውሉት የሥራ ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ የእድር ሰዎች ይሆናሉ። በመጨረሻ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አፍጥጦ ያያችሁና «የሆነ ቦታ አውቅዎታለሁ፤ ቀበሌ ነው የሚሠሩት?» ብሎ ይወርዳል።

ከዚህ ጉድጓድ መውጫው ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ስለሞከርኩት አውቀዋለሁ። አንዱ ማግባት ነው። ማግባት ካልሠራ መፋታት ይሠራል፤ በተለይ ሁለቱም ወገን በየተራ ለመጽሔት ከተናገሩ። ጠበል ገብቶ መመስከርም ጥሩ ነው፣ ግን ደህና በሽታ ይጠይቃል፤ የእኔ የወገብ ሕመም ማንንም አላስደነቀም። «ጠፍቼ ሳይሆን ስክሪፕት እየመረጥኩ ነው» ማለትም አለ። ይህንን ለአንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ብዬው፣ ልጁ በትሕትና «ምርጫው ስንት ዓመት ይፈጃል እትዬ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዳንዱ ዘፈን ያወጣል፣ አንዳንዱ በቴሌቪዥን ሽሮ ይሠራል። ቤቱን ሽጦ፣ ራሱን ዋና ተዋናይ አድርጎ ፊልም የሚያሠራም አይጠፋም፤ ፊልሙ ሁለት ሳምንት ይታያል፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ተከራይ ሆኖ ይቀራል።

ውድነሽ የተነሣችበትን መንገድ ግን የትም አላነበብኩትም። እኔ ደግሞ ያላነበብኩት ጥቂት ነው።

ውድነሽና እኔ ቢቸና አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የድራማ ክበብ ነበርን። እኔ ንግሥት ስሆን እሷ መጋረጃ ትስብ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለታሪኩ አስፈላጊ ሆኖ አይደለም። አዲስ አበባም አብረን ሄድን። እኔ፣ ጥበብ ያለው መድረክ ላይ ነው፣ የሚያነብ ሰው ይረዳኛል እያልኩ ቴአትር ቤት ቀረሁ። እሷ አንድ መጽሐፍ ሳትገልጥ፣ የቪዲዮ ፊልም ሲመጣ ፊልሙ ላይ፣ ዲሽ ሲመጣ ዲሹ ላይ ወጣች። በመጨረሻም በአንድ ረጅም ተከታታይ ድራማ የልጇን ሚስት በጉርሻ መርዛ የምትገድል አማት ሆነች። አገር ጠላት። ገበያ ላይ ሽንኩርት አልሸጥልሽም ያለቻት ሴት ነበረች። እኔን በአርባ ዓመት ሥራዬ ሽንኩርት የከለከለኝ የለም።

በዚያው ድራማ እኔም አለሁ፤ የሟቿ አክስት ነኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቅሳለሁ። የሚያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

ድራማው አለቀ፣ ጥላቻው አላለቀም። ያቺን ፊት ይዛ ሥራ የሚሰጣት ጠፋና ለሁለት ዓመት ሁለታችንም ሥራ ፈታን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥሩ ሁለት ዓመት ነበር። ትመጣለች፣ ታማርራለች፣ እኔም ሻይ እያፈላሁ አጽናናታለሁ። እንደዚያ ዘመን ተዋደን አናውቅም።

ከዚያ አንድ ወጣት ዳይሬክተር አዲስ ድራማ ጀመረ። የደግ እናት ቦታ ነበረው። ሁለታችንንም ፈትኖን ሲያበቃ ለእኔ ደወለ። «እትዬ ፈንታነሽ፣ እርስዎን ሕዝቡ አያውቅዎትም፤ እትዬ ውድነሽን ደግሞ ሕዝቡ ይጠላቸዋል። የቱ እንደሚሻል እያሰብን ነው። በሳምንት ውስጥ አሳውቅዎታለሁ» አለኝ። ያቺ ቦታ ለእኔ የመጨረሻዋ ነበረች። ሰባ ሊሞላኝ ነው። ከሰባ በኋላ ለሴት የሚጻፍላት አስከሬን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት የውድነሽ የወንድሟ ልጅ ቢቸና ላይ ተዳረች። ሙሽራው የሞጣ ልጅ ነው። «ነይ አብረን እንሂድ፣ አገርሽን ካየሽ ስንት ዘመንሽ ነው» አለችኝ፤ ሄድኩ። ቢቸና ፎቅ አብቅላ ጠበቀችኝ። ከአውቶቡስ ስንወርድ ሰው ሁሉ «ያቺ መርዘኛ መጣች» እያለ ውድነሽን ተከተላት። እኔን ያየኝ ሰው ቢኖር አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ነው፤ እሱም ያየው ሻንጣዬን ነው።

ለቅልቅሉ ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ገባን። ዳሱ ሞልቷል፣ ሁለቱ ወገን ተቀላቅሎ ተቀምጧል። ምግብ ሲቀርብ ውድነሽ፣ የሙሽሪት አክስት ናትና፣ ደህና አድርጋ ጠቅልላ ወደ ሙሽሪት አፍ ዘረጋች። ይህን ጊዜ የሙሽራው አያት እማማ ጠጄ፣ ሰማንያን ያለፉ ሴት፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሙሽሪትን አፍ በመዳፋቸው ከደኑት።

«በእኔ ቤት አይሆንም» አሉ። «ያችኛዋንም በጉርሻ ነው የፈጀሻት።»

«ኧረ እማማ፣ እሱኮ ድራማ ነው» አለች ውድነሽ፣ ጉርሻው ከእጇ እየተንጠባጠበ።

«ድራማ መሆኑ መች ጠፋኝ? ልቤ አንቺን አላይ ካለኝ ምን ላርገው?»

ሰርጉን የሚቀርጸው ሰው ካሜራውን ወደዚያ አዞረ። የሙሽራው ወገን ሽማግሌ መሪጌታ ይሁኔ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ድርሰት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን» አሉ። «ቅያሜው ግን ድርሰት አይደለም፤ ይኸው ከመካከላችን ተቀምጧል። ቅያሜ ላይ ሙሽራ አንመርቅም። እናስታርቃቸው።»

«እኔን ምን በድላኝ?» አሉ እማማ ጠጄ። «የተበደለች ያች ልጅ ናት። እሷ ይቅር ካለቻት እኔ ማን ነኝ?»

«ያቺ ልጅማ አዲስ አበባ ናት፤ ጫማ ቤት ከፍታለች» አለች ውድነሽ።

«ወገን የላትም?» አሉ መሪጌታ።

ውድነሽ ዞር ብላ አየችኝ። «አላት። ፈንታነሽ የሟቿ አክስት ናት።»

እማማ ጠጄ ከእግር እስከ ራሴ ቃኙኝ። «ይችን አላየኋትም» አሉ።

«ለቅሶው ላይ ነበርኩ እማማ።»

«ለቅሶውንማ አይቻለሁ። አንቺ አልነበርሽም።»

ድንጋይ መጣ። ባገራችን በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ሥር ይንበረከካል፤ ተበዳይ ይቅር ብሎ «አውርድ» እስኪለው አይነሣም። ተበዳይም ለወጉ ያህል አንዴ ሁለቴ ፊቱን ያዞራል። ለውድነሽ የመጣላት የወፍጮ መጅ ነበር። ተሸከመችና ከፊቴ ተንበረከከች። ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ፤ አንዴ ፊቴን አዞርኩ። ደግመው ለመኑኝ፤ ሁለቴ አዞርኩ። በሦስተኛው «አውርጂ» ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም።

ምን ነበር የማስበው? ስለ መርዙ አልነበረም። አንዲት ሴት አንድ መጽሐፍ ሳትገልጥ፣ ሞጣ ድረስ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ልብ ውስጥ ገብታ መቀመጧን ነበር የማስበው። ይህ ሁሉ ሰውና ካሜራ እያያት ተዋርዳ ስትቆይ ደግ እናት አድርጎ የሚያስባት እንደማይኖርም አስቤያለሁ። አዎ፣ ያንንም አስቤያለሁ።

«እታለም፣ ይበቃል» አሉኝ መሪጌታ። ዝም። «ስለ ማርያም» አሉኝ። ዝም።

«ፈንታዬ፣ አንገቴን» አለች ውድነሽ በሹክሹክታ። ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ከድንጋዩ ሥር ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ብቻ ማልቀስ ጀመረች። ቴሌቪዥን ላይ እንደምታለቅሰው አልነበረም። አፍንጫዋ ሳይቀር ይፈስሳል፣ ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏታል። በመጨረሻ እማማ ጠጄ ራሳቸው መጥተው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላት። «አንቺስ ምን ዓይነት ፍጡር ነሽ?» አሉኝ እኔን። በነጠላቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላትና አፋቸውን ከፈቱ። «በይ ልጄ፣ መጀመሪያ እኔን አጉርሺኝ።»

አጎረሰቻቸው። ዳሱ በእልልታ ተናጋ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያጎረሰኝ የለም።

ቀራጩ ያችን ቁራጭ ለጓደኛው ላከ፤ ጓደኛው ለዓለም ላከ። እኛ ቢቸና ሳንመለስ ቪዲዮው ቢቸና ደርሶ ጠበቀን። ስልክ ያለው ሁሉ ያለቅሳል፣ ይቅር ይላታል። አስቡት እንግዲህ፤ በሦስተኛው ልመና «አውርጂ» ብዬ ቢሆን ኖሮ የአንድ ደቂቃ ነገር ነበር፣ ማንም ዞሮ አያየውም። ያስለቀስኳት እኔ ነኝ፣ ያስነሣኋትም እኔው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በወንድሟ በረንዳ ተቀምጠን ሳለን ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ጆሮዬ ስለደከመ በስልክ የማወራው ድምፁን ለጎረቤት እያሰማሁ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእናትየዋን ቦታ ለእትዬ ውድነሽ ሰጥተናል።»

«እንኳን ደስ አላት» አልኩ። ይህንን ያልኩበት ድምፅ ሽልማት ይገባው ነበር።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ድንጋዩን አላስወርድ ያሉትን የሞጣ ሴትዮ ያፈላልጉልኝ። የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ጀርባ ነው። ለክፉዋ ጎረቤት እፈልጋቸዋለሁ፤ ረጅም ቦታ ነው። ተዋናይ አለመሆናቸው ያስታውቃል። ተዋናይ እንደዚያ መጥላት አይችልም።»

እኔ ነኝ ብል ውድነሽ አጠገቤ ተቀምጣ እየሰማች ነው፤ በዚያ ዳስ ውስጥ ምን ተሰምቶኝ እንደነበረ በገዛ አፌ መናገሬ ነው። አላውቃቸውም ብል የመጨረሻ ሥራዬን መጣሌ ነው። ጓደኛም ሥራም በዚያች በረንዳ ላይ እጄ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱን መልቀቅ ነበረብኝ፣ የትኛውን እለቅ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ውድነሽ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማለች፤ ዞር ማለት ስለማትችል ከነትከሻዋ ዞረች። ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«ልጄ፣ የምን የሞጣ ሴትዮ? ፈንታነሽ ናትኮ» አለችው። «ሞጣ ከመድረሳችን በፊት መኪና ውስጥ ተነጋግረንበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከተነሣ ቶሎ እንዳታስወርጂኝ፣ አስጨንቂኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ትወና ነው።»

«እትዬ ፈንታነሽ ናቸው ያ? የማይታመን ነው» አለ ልጁ። አመነ ግን። ሰኞ ይምጡ አለኝ።

ስልኩን መለሰችልኝና ስለ ሙሽሪት ጫማ መጥበብ ማውራት ቀጠለች። እኔም ጫማው ጠባብ እንደነበረ ተስማማሁ። ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሣነውም። ሥራው ላይ ነን፤ እሷ ደግ እናት ናት፣ እኔ ክፉ ጎረቤት ነኝ፣ እንደ ውሃ ይወርድልኛል።

ብቻዬን ስሆን ግን ያቺ በረንዳ ትመጣብኛለች። ውሸቱን ስትናገር ዓይኗ አልተርገበገበም፣ ድምፅዋ አልተሰበረም፣ እጇ እንኳ ወደ አንገቷ አልሄደም። አርባ ዓመት ሙሉ ሳያት ኖሬ እንደዚያ የሠራችበት ቀን የለም። ደግነቱ፣ የቀረጸ ሰው አልነበረም።