ሊቀ እንፋሎት እና ነጩ መጋረጃ

በዓለም ላይ ካሉ ጠበቆች ሁሉ የሚያስቸግረው የራሱ አመል ጠበቃ ነው። ሕግ አልተማረም፣ ችሎት ቆሞ አያውቅም፤ ግን «ኧረ ተው!» ያላችሁት ዕለት ማስረጃ ተሸክሞ ይመጣል። ስኳር ለአእምሮ ጥሩ ነው እያለ ሻዩን በአራት ማንኪያ የሚጠጣ፣ ሥራ ላይ ማንቀላፋቱን «እያሰብኩ ነው» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም።

የእኛ ቤቱ አጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ላውንደሪ ቤት ቆሞ በእንፋሎት ካውያ ልብስ ተኩሷል። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ዓመት ሲያጨስ ኖሯል። አንድ ቀን ሲጋራውን ወርውሮ ቬፕ የሚሏትን፣ በባትሪ የምትሠራ ጣት የምታክል ዕቃ ይዞ ብቅ አለ። ሲስባት ጫፏ ላይ ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ሲተነፍስ ክፍሉ ማንጎ ማንጎ ይላል። እኔም በዚያው ዕለት ማዕረግ ሰጠሁት፦ ክቡር ሊቀ እንፋሎት።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆና ያሳለፈች፣ ሽንት ቤት ተደብቀው ያጨሱ ልጆችን ከሰልፍ መሀል በአፍንጫዋ ለይታ የምታወጣ ሴት ናት። የልጅቷ እትብት ሳይደርቅ ፍርድ ሰጠች፦ «ከአፉ ጭስ የሚያወጣ ሰው ይህችን ልጅ አያቅፍም!»

አጎቴ የራሱ ልጅ የለውም። እኔን አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። እሑድ እሑድ እየመጣ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ይቆምና አልጋዋን በሩቁ አይቶ ይሄዳል። አንጀቴን በላው። «ግባና እቀፋት» እንዳልል እናት ከሆንኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ፈራሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ምን ይዞ እንደሚመጣም ለማየት ጓጉቻለሁ።

ክቡርነታቸው ክርክራቸውን በሙያቸው ጀመሩ።

«እትዬ፣ ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው! እንፋሎትን እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው?»

«ካውያህን ትጠባዋለህ እንዴ?» አለች እናቴ።

በሳምንቱ ሦስት ኮቶች በትከሻቸው ጥለው መጡ። አንዱ የአንድ አጫሽ ነው፣ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ ሁለቱንም የማይነካካው የባለቤቴ። የእናቴን ዓይን በሻርፕ አስረው እያሸተተች እንድትለይ ጠየቁ። እናቴ ጊዜ አላጠፋችም።

«ይኼ የአጫሽ ነው። ይኼ ያንተ። ይኼ የአማቼ፤ ትናንት ሽንኩርት ሲበላ አምሽቷል።»

ባለቤቴ ቀላ። ሊቀ እንፋሎት ግን ዘለው ተነሡ።

«አያችሁ! ለየችው! ከተለየ ይለያያል ማለት ነው!»

«ሌባና ቀማኛም ይለያያሉ» አለች እናቴ ሻርፑን እየፈታች። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ስሙን ለወጥከው እንጂ አመሉን አልተውከው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እሱ ከአንድ ጣቃ ሁለት ነጭ መጋረጃ አስቀደደ። አንዱን ሲጋራ ከአፉ በማይለየው የላውንደሪው ሹፌር ክፍል፣ ሌላውን በራሱ መኝታ ቤት ሰቀለ። ወር ሙሉ ሹፌሩ በዚያኛው ሥር ሲያጨስ፣ እሱ በዚህኛው ሥር ሲስብ ከረመ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለ እሑድ እሑድ የቀረውን ቀን ይነግረናል። በሥራ ቦታውም ሌላ አባባል አለው። ደንበኛ እጅጌው ላይ የወይን ጠጅ አፍስሶ «ውኃ ነው» ሲለው፣ አጎቴ ልብሱን ወደ መብራቱ ከፍ ያደርግና «እድፍ አይዋሽም» ይለዋል።

ወሩ ሲሞላ መጋረጃዎቹንና ካውያውን ይዞ መጣ፤ ሳሎናችን መሀል የመተኮሻ ጠረጴዛ ዘረጋ። የሹፌሩን ሲገልጠው ቢጫ ሆኗል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። የራሱን ሲገልጠው እንደ ተሰቀለ ነጭ ነው። እናቴ መነጽሯን አደረገች። ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና አሸተተችው። እናቴ አፍንጫዋን ስትጠራጠር አይቼ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ አጨበጨበ። እኔም በሆዴ «ረታ!» ብዬ ልጄን ላመጣለት ብድግ አልኩ።

አጎቴ ግን ጨርቅ ሳይተኩስ አጥፎ አያውቅም። በልማድ ካውያውን አሞቀና መጋረጃው ላይ አሳለፈው። መሀል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። እንደገና ገፋ አደረገው፤ እንደገና ቆመ። ካውያውን አነሣና ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው። እኛ ምንም አላየንም። አጥፎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

«እትዬ...» አለ።

«ምነው?»

«ካውያው ያዝ ያዝ ያደርገዋል። የሆነ ነገር ተለጥፎበታል።»

«እኔ ምንም አይታየኝም።»

«አንቺማ አይታይሽም። እጄ ያውቀዋል። እንደ ሹፌሩ አይደለም፤ በጣም ይለያያል፣ እምልልሻለሁ። ግን አለ። የውኃ እንፋሎት እንዲህ አያጣብቅም።» የካውያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለና አንገቱን ደፋ። «ልጅቷን አታምጫት» አለኝ፣ ሳያየኝ።

ወር ሙሉ የለፋበትን ክርክር በገዛ እጁ ጣለው፤ ከዚህ ሰው ሁለት ሜትር ርቃ የተኛችው ልጄ በዓለም ላይ የሚፈልጋት ብቸኛ ነገር ነበረች። እንባዬ መጣ።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች። መጋረጃውን ከእጁ ተቀብላ፣ የተሰጣትን ፈተና እንደምታርም ሁሉ ረጋ ብላ አጠፈችው።

«አንተ ልጅ» አለችው የሃምሳ ሁለት ዓመቱን ሰውዬ። «ዕቃህን ደጅ አስቀምጥ። እጅህን እስከ ክርንህ ታጠብ። ሸሚዝ ቀይር። ከዚያ ቁጭ በልና ጠብቅ።»

ይኸው አሁን የእሑድ ሥርዓታችን ይህ ነው። አጎቴ ቬፑን ከበር ውጭ ጫማው ውስጥ ይከታል። እኛ ቤት የተቀመጠች፣ ከእሱ በቀር ማንም የማይተኩሳት አንዲት ነጭ ሸሚዝ አለችው። እሷን ይለብሳል፤ ይቀመጣል፤ እጆቹን ይዘረጋል። ያቺን ቬፕ ጨርሶ አልተዋትም። «እተዋታለሁ» ሲል እናቴ «የለመደች ጦጣ...» ብላ ትጀምርና ልጅቷን አይታ ትተወዋለች። ልጄ በሳሙናና በትኩስ ካውያ ሽታ ነው የምትተኛው፤ እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ነገር አማረው።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ጭስ ነው እንፋሎት?» ሲል ጠየቀ።

ምን ሊመልስ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቶ የማያውቀው ክቡር ሊቀ እንፋሎት ቀና እንኳን አላለም።

«ዝም በል» አለ በሹክሹክታ። «ትነቃለች።»